የጀጎል መልክ በነዋሪው ዓይን

ስለ አንድ ጥንታዊ ከተማ የሚጻፍ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን መንገድ ይከተላል። አንደኛው የእንግዳ መንገድ ነው፤ ይኸውም ከሩቅ አገር ተጉዞ የመጣ ሰው የገረመውን፣ የከፋውንና ያስደነገጠውን የሚተርክበት ነው። ሁለተኛው የመዝገብ መንገድ ነው፤ ይኸውም ግንቡን በሜትር፣ ቤተ አምልኮውን በቁጥር፣ ዕድሜውን በመቶ ዘመን እየለካ የሚያሰፍር ነው። ሁለቱም ጥቅም አላቸው። ይሁን እንጂ ሁለቱም በቀላሉ የሚስቱት አንድ ቁም ነገር አለ። ከተማ የተሠራው ሊታይ ሳይሆን ሊኖርበት ነው፤ ስለሆነም የአንድ ቅርስ ትርጉም ተሟልቶ የሚገኘው ቅርሱን ለዕለት ኑሮው በሚገለገልበት ሰው ዘንድ ነው።

ይህን ሐሳብ ለመመርመር ከሐረር የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያስቸግራል። አክሱም የደረሰ መንገደኛ ዓይኑን የሚያሳርፍበት ሐውልት አለው፤ ላሊበላ የሄደ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ቤተ መቅደስ ያገኛል፤ ጎንደር የገባ የፋሲልን ግንብ ከሩቅ ያያል። ሐረር የገባ ግን «ዋናው ነገር የቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ የሚጠቆምለት አንድ ነገር የለም። ከፍ ብሎ የሚታይ፣ ሌላውን ሁሉ የሚያስረሳ ሕንጻ የላትም። ያላት ግንብ፣ በግንቡ ውስጥ የተጠላለፉ ጠባብ መንገዶች፣ በመንገዶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ ውስጥ ያዞሩ ቤቶች ናቸው። የጀጎል ጥበብ በአደባባይ የተዘረጋ ጥበብ አይደለም፤ በር ተከፍቶለት፣ ጫማውን አውልቆ፣ ቦታ ተሰጥቶት ለተቀመጠ ሰው ብቻ የሚገለጥ ነው።

ሐረር በጽሑፍ የታወቀችው ግን በአብዛኛው ደጅ ቆመው በተመለከቷት ሰዎች ብዕር ነው። ከእነርሱም ቀዳሚው እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን ነው። በ1847 ዓ.ም. ወደ ሐረር ገብቶ አሥር ቀን ቆየ፤ እ.ኤ.አ. በ1856 ስለ ጉዞው መጽሐፍ አሳተመ። በርተን የጦር መኮንን ነበር፤ ያየውም እንደ ጦር መኮንን ነው። የከተማዋን ርዝመትና ስፋት ገመተ፤ አምስቱን በሮች ቆጠረ፤ ግንቡ መድፍ የሚችል መሆን አለመሆኑን መረመረ። መንገዱ ጠቦበት፣ ጥራጊው ከፍቶት፣ ሰዉ አላስደስት ብሎት ጻፈ። አንባቢውም ብዙ የተወራላት የተዘጋች ከተማ ስትከፈት ባዶ ሆና የተገኘች ያህል እንዲሰማው አደረገ።

የሚያስገርመው ግን የዚህ መጽሐፍ ለሐረር የሚጠቅመው ክፍል ዋናው ትረካ አለመሆኑ ነው። በርተን በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ስለ ሐረሪ ቋንቋ ሰዋስውና ስለ ቃላቱ የሰበሰበውን አባሪ አድርጎ አቅርቧል። በትረካው ውስጥ ከተማዋን የሚንቀው ሰው በአባሪው ውስጥ የከተማዋን ሰዎች አንደበት እንዲያዳምጥ ተገድዷል። ንቀቱ ከዘመኑ ጋር አርጅቷል፤ ቃላቱ ግን ዛሬም የጥናት መነሻ ሆነው ይጠቀሳሉ። ከተማን ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው፤ ከመፍረዱ በፊት የነገሮቹን ስም ከነዋሪው አፍ ይማር።

ሁለተኛው ታዋቂ እንግዳ ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ነው። ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ለአንድ የኤደን የንግድ ቤት ተቀጥሮ ሐረር ገባ፤ እየሄደና እየተመለሰ እስከ 1883 ዓ.ም. ቡናና ቆዳ፣ ሌላም ሸቀጥ ነገደባት። ፎቶግራፍም አንስቷል። ለቤተሰቡ በላካቸው ደብዳቤዎች ስለ ዋጋ፣ ስለ መሰልቸት፣ ስለ ድካም ደጋግሞ ጽፏል። ግጥም ግን አልጻፈም፤ ሐረርን ሲያውቃት ግጥምን ከተወ ዓመታት አልፈውት ነበር። ሆኖም ዛሬ ወደ ሐረር የሚመጣ እንግዳ መጀመሪያ ከሚወሰድባቸው ስፍራዎች አንዱ «የራምቦ ቤት» ነው። ቤቱን ያሠራው የሕንድ ነጋዴ ነው፤ ገጣሚው በዚያ ቤት መኖሩም አልተረጋገጠም። ባለ ቀለም መስተዋት መስኮቶቹና ያጌጠው ጣሪያው የሚያምሩ ናቸው፤ በውስጡ የሚታዩት የጥንታዊት ሐረር ፎቶግራፎችም ዋጋቸው ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ መጠየቁ አግባብ ነው። ስለ ከተማዋ አንድ ስንኝ ያልጻፈ ገጣሚ በስሙ ቤት ሲኖረው፣ በከተማዋ ቋንቋ ለዘመናት ዚክሪ ያዜሙት፣ በከራቡ ከበሮና በከበል ምት አዋቾቻቸውን ያወደሱት ሰዎች ስማቸው ለምን ከእንግዳው ጆሮ አይደርስም? ይህ የራምቦ ጥፋት አይደለም። የሐረርን ዋጋ በሌላ አገር ዝና መለካት የለመደ አስተያየት ያመጣው ጉድለት ነው።

ከውጭ መጥቶም ቢሆን ወደ ውስጥ ለመግባት የሞከረ ብዕር መኖሩን አለመጥቀስ ግን ፍርድ ማጓደል ይሆናል። ካናዳዊቷ ደራሲ ካሚላ ጊብ በሐረር የአንትሮፖሎጂ ጥናት ካካሄደች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2005 ያሳተመችው ልብ ወለድ ዋና ገጸ ባሕርይዋን በአንዲት ድሃ እናት ግቢ ውስጥ ያስቀምጣታል። ገጸ ባሕርይዋ ባዕድ ናት፤ ከተማዋን የምታያት ግን ከማጀትና ከግቢ እንጂ ከግንቡ ውጭ ቆማ አይደለም። በዚህም ምክንያት መጽሐፉ ውስጥ ያለችው ሐረር ሥራ የምትሠራ፣ የምታማ፣ የምትጾምና የምትድር ሐረር ናት። የእንግዳ ዓይን ሁሉ አንድ አለመሆኑን ይህ ያስረዳል፤ ልዩነቱ የትውልድ ሳይሆን የተቀመጡበት ቦታ ነው።

ከእንግዳው ትረካ ቀጥሎ የሚመጣው መዝገቡ ነው። ዩኔስኮ ሐረር ጀጎልን በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በ1998 ዓ.ም. ነው። መዝገቡ 82 መስጊዶችንና 102 አዋቾችን ይቆጥራል፤ ከመስጊዶቹም ሦስቱ የ10ኛው መቶ ዘመን መሆናቸውን ይገልጻል። ግንቡ ዙሪያው 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በውስጡ 48 ሄክታር የሚሆን ስፍራ ይዟል። በልማድ የግንቡ ሥራ የሚሰጠው በ16ኛው መቶ ዘመን ለነበሩት ለአሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች አይናቁም። ሰው የቆጠረውን ለመጠበቅ ይቀለዋል። ነገር ግን 82ቱን መስጊዶች ማወቅና አንድ ሽማግሌ ሱብሒን የሚሰግድበትን፣ ጎረቤቱ ቢቀር የሚጠይቅበትን አንዱን መስጊድ ማወቅ የተለያዩ ዕውቀቶች ናቸው። መዝገቡ ራሱም ይህን ሳይገነዘብ አልቀረም። ቅርሱን ከሚያከብርባቸው ምክንያቶች መካከል የሐረሪ ቤት የውስጥ አሠራር፣ የሕዝቡ ቋንቋና «አፎቻ» የተባለው ማኅበራዊ ድርጅት ተጠቅሰዋል። አፎቻ ሠርግና ሐዘን የሚደጋገፉበት፣ ወንዶቹ ለብቻ ሴቶቹም ለብቻ የሚመሠርቱት ማኅበር ነው። አፎቻ በሜትር አይለካም፤ ቀለም አይቀባም፤ አጥርም አይታጠርለትም። የሚኖረው ሰዎች ሲሰባሰቡ ብቻ ነው። እንግዲህ የዓለም ቅርስ ተብሎ ከተመዘገበው ነገር አንዱ ክፍል ድንጋይ ሳይሆን የሰዎች መተሳሰብ ነው ማለት ነው። ይህ ቁም ነገር በአስጎብኚዎች ወረቀት ላይ እምብዛም አይገኝም።

የነዋሪው ካርታ ከእንግዳው ካርታ የሚለይበት ሌላው ምስክር የበሮቹ ስም ነው። ከአምስቱ ጥንታዊ በሮች እያንዳንዳቸው ሁለት ስም አላቸው። በአማርኛ ሸዋ በር የተባለው በሐረሪ አስማዲን በሪ ነው፤ ቡዳ በር በድሮ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁታት በሪ፣ ኤረር በር አርጎብ በሪ፣ ፈላና በር አሱም በሪ ይባላሉ። ሸዋ በርና ኤረር በር መንገዱ ወደየት እንደሚወስድ ይናገራሉ፤ ተጓዡንና ነጋዴውን አስበው የተሰየሙ ይመስላሉ። የሐረሪ ስሞቹ ግን በግንቡ ውስጥ ያደገ ልጅ ከእናቱ አፍ የሚሰማቸው ናቸው። ከጊዜ በኋላ ለተሽከርካሪ የተከፈተው ሐረር በር ከእነዚህ በተጨማሪ የመጣ ነው። ዛሬ እንግዳው በአብዛኛው የሚገባው በመኪና በር በኩል ስለሆነ ከተማዋን የሚያነባት ከመጽሐፉ መካከል ጀምሮ ነው ማለት ይቻላል።

በኤረር በር በኩል የሚገባ ግን ሌላ ነገር ይገባዋል። በጠዋት ከገጠር የሚመጡት የኦሮሞ ሴቶች እንጨቱን፣ ወተቱን፣ አትክልቱን ይዘው በዚያ ይገበያያሉ። ግንቡ ለጦር ሲባል ተሠራ ይባል እንጂ የከተማዋ ሕልውና የቆመው በሮቹ ተዘግተው ሳይሆን ተከፍተው በመዋላቸው ነው። የጀጎል ሰው ያለ ገጠሩ ሰው ምሳ አይበላም፤ የገጠሩም ሰው ያለ ጀጎል ጨርቅና ጨው አያገኝም ነበር። በሩ የሚለያቸው ሳይሆን የሚያገናኛቸው ነው። በገበያው ላይ ሐረሪውና ኦሮሞው፣ አማራው፣ አርጎባውና ሱማሌው በየቋንቋቸው ይነጋገራሉ፤ አንዱ በሌላው ቋንቋ ዋጋ ሲጠራ የሚገረም የለም። አንድ ሰው በቀን ውስጥ ሦስት ቋንቋ መቀያየሩ በሌላ ቦታ ሊቅነት ሊባል ይችላል፤ በሐረር ግን ሽንኩርት መግዛት ነው።

ከበሮቹ የሚነሡት መንገዶች እየጠበቡና እየተጠማዘዙ ወደ መካከል ያመራሉ። መካከሉ ፈረስ መጋላ ነው፤ ትርጉሙ የፈረስ ገበያ ማለት ነው። ፈረሱ ከሄደ ቆይቷል፤ ስሙ ግን አልሄደም። በዚህ አደባባይ የታሪክ ንብብር ይታያል። ከ1868 እስከ 1877 ዓ.ም. ከተማዋን የያዙት ግብፆች መስጊድ ሠርተውበት በነበረው ስፍራ፣ ከ1879ኙ የጨለንቆ ጦርነት በኋላ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ተሠርቷል። ይህ ታሪክ ለአንዱ ወገን ድል ለሌላው ሐዘን የነበረ ነው፤ ሊሸሸግም ሊለዝብም አይገባውም። የነዋሪው ዓይን ግን ከዚህ ታሪክ ጋር ለብዙ ዘመን ውሎ አድሯል። የአዛኑን ድምፅና የደወሉን ድምፅ ሰዓት ለማወቂያ የሚጠቀምባቸው ሰው ሁለቱንም ይሰማል። ይህ መቻቻል በንግግር የተፈጠረ አይደለም፤ በጎረቤትነት፣ በብድርና በዕለት ሰላምታ የተገነባ ነው። ስለሆነም ጠንካራ ነው፤ ደግሞም ካልጠበቁት የሚሰበር ነው።

ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወስደው መንገድ መኪና ግርግር ይባላል። ስሙን ያገኘው ከመንገደኛ መኪና ሳይሆን ከስፌት መኪና ድምፅ ነው። ልብስ ሰፊዎቹ ከየሱቃቸው ደጅ ተቀምጠው ሲረግጡ የሚነሣው ድምፅ መንገዱን ይሞላዋል። በገበያው የተገዛ ጨርቅ ባለቤቱ ሰላምታ ተለዋውጦ ሳይጨርስ ቀሚስ ሊሆን ይችላል። ስለ ሐረር የሚጽፍ ሰው ይህን መንገድ ሳይጠቅስ ቢያልፍ የቅርስ መዝገብ አይወቅሰውም። ይሁን እንጂ አንድ መንገድ በንጉሥ ወይም በጦር አለቃ ስም ሳይሆን በሥራ ድምፅ መሰየሙ በራሱ ቅርስ አይደለምን? ሕዝብ ለራሱ ድካም ያቆመው ሐውልት ይህ ነው፤ ሰፊዎቹ መስፋት ቢያቆሙ ግን ስሙ ትርጉም ያጣል።

ስለ ሐረር የሚነገር ነገር ሁሉ ያለ ጅብ አይጠናቀቅም። እንግዳ ማታ ከግንቡ ውጭ ተወስዶ ጅብ ከሰው እጅ ሥጋ ሲቀበል ያያል፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ይሄዳል። ይህ ትርኢት ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተለመደ እንጂ ጥንታዊ አይደለም። ነዋሪው የሚያውቀው ጅብ ሌላ ነው። በሐረሪ ወራባ የሚባለው ይህ አውሬ በግንቡ ሥር በተተዉለት ቀዳዳዎች ሌሊት ገብቶ ጥራጊውን በልቶ ይወጣል። ርኩስ መንፈስን ያርቃል ተብሎም ይታመናል። በአሹራ ዕለት ገንፎ ይቀርብለታል፤ ከአበላሉም የዓመቱ ዕድል ይነበባል ይባላል። በትርኢቱ ውስጥ ሰውየው ደፋር፣ ጅቡም አስፈሪ ነው። በነዋሪው ዘንድ ግን ሁለቱም አንድ ከተማ የሚጋሩ፣ አንዱ ቀን ሌላው ሌሊት የሚወጡ ጎረቤቶች ናቸው። ከሁለቱ የትኛው ለልብ ወለድ፣ ለግጥምና ለተውኔት የበለጠ ፍሬ እንደሚሰጥ መገመት አያዳግትም።

ሆኖም የሐረር የጥበብ ጫፍ የሚገኘው ከአደባባዩም ከጅቡም አይደለም፤ ከቤቱ ውስጥ ነው። ጌይ ጋር፣ ማለትም የከተማው ቤት፣ ከውጭ ሲታይ ከድንጋይና ከጭቃ የተሠራ ደርበብ ያለ ግድግዳ ነው። ውስጡ ሲገባ ግን ግድር ጋር የሚባለው ሰፊ ክፍል ይቀበላል። ወለሉና መደቦቹ በቀይ አፈር የተለሰኑ ናቸው፤ ቀይነቱም በጨለንቆ የፈሰሰውን ደም ለማስታወስ ነው ተብሎ ይነገራል። በክፍሉ ውስጥ ነደባ የሚባሉ አምስት መደቦች በተለያየ ከፍታ ተሠርተዋል። አሚር ነደባ የአባወራውና የተከበረው ሰው ነው፤ የሚገባና የሚወጣው ከዚያ ይታያል። ግድር ነደባ ሰፊው መደብ ነው፤ ጢት ነደባ ትንሹ፣ ለታናናሾች የሚሆነው ነው፤ ገብቲ ኤሐር ነደባ ከበሩ ኋላ ይገኛል፤ ሱትሪ ነደባ ስሙ እንደሚያመለክተው የተሸሸገው ነው።

ይህ ቤት በተውኔት ዓይን ሲታይ የተዋጣለት መድረክ ነው። በመልካም ተውኔት ገጸ ባሕርይ ገና ሳይናገር የቆመበት ቦታ ማንነቱን ይናገራል። በግድር ጋርም እንዲሁ ነው። የገባ ሰው የት እንደተቀመጠ ያየ ተመልካች ታላቅና ታናሹን፣ ዘመድና እንግዳውን፣ የተጣላና የታረቀውን ያለ ቃል ይረዳል። ግድግዳውም ይናገራል። በልማድ 11 የሚሆኑት የግድግዳ ጉድጓዶች መጽሐፍና ዕቃ ያስቀምጣሉ። ከበሩ በላይ ተጠቅልሎ የተሰቀለ ምንጣፍ በቤቱ ለትዳር የደረሰች ልጅ መኖሯን ያመለክታል። በግድግዳው ላይ በሥርዓት የተሰቀሉት ስፌቶች ሴቶቹ ከዕድሜ እኩዮቻቸው ጋር ተሰባስበው፣ እየተጨዋወቱና እያዜሙ የሰፏቸው ናቸው፤ የሚሰቀሉበትም ቦታ የታወቀ ነው። አንዲት እናት ስፌቷን ስታሳይ የምታሳየው ጌጥ ብቻ አይደለም፤ የሰፋችበትን ዘመን፣ የሰጠቻትን ሴት፣ የተዳረችበትን ቀን ጭምር ነው።

ታዲያ በሙዚየም ውስጥ የተሠራ ወይም ለጉብኝት ብቻ የተሰናዳ ጌይ ጋር ሲታይ ሁሉም ነገር ቦታው ላይ ነው። ስፌቱ ተሰቅሏል፤ ቀዩ መደብ ተለስኗል፤ ምንጣፉ ተጠቅልሏል። የጎደለው የሚቀመጠው ሰው ነው። ተዋናይ የሌለበት መድረክ ምንም ያህል ቢያምር ተውኔት አይባልም። ይህን ማለት ሙዚየሞቹን መንቀፍ አይደለም። በተለይ በቀድሞው የራስ ተፈሪ ቤት የሚገኘው የሸሪፍ ሙዚየም የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ አልባሳትንና የድምፅ ቅጂዎችን ከመበተን ያዳነ ታላቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ሙዚየም የሚያድነው ዕቃውን ነው፤ አቀማመጡን ማዳን የሚችለው ቤተሰብ ብቻ ነው።

የአሳሳቢው ጉዳይ እምብርትም እዚህ ላይ ነው። የጀጎል ነዋሪ በቤቱ ጸንቶ እንዳይኖር ያደረጉት ምክንያቶች ብዙ ናቸው። በ1940 ዓ.ም. ከኩሉብ እንቅስቃሴ ጋር ተያይዞ በደረሰው እስርና ወከባ ብዙ ሐረሪዎች ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌሎች ከተሞች ሄዱ። በ1967 ዓ.ም. ትርፍ ቤትን የመንግሥት ያደረገው አዋጅ ከጌይ ጋሮቹ ብዙዎቹን ወደ ቀበሌ ኪራይ ቤትነት ለወጣቸው፤ ለአንድ ቤተሰብ የታቀደው መድረክ ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፈለ። የተከራየው ሰው ጥፋት የለበትም፤ እርሱም መጠለያ ፈልጎ ነው። ይሁን እንጂ በአሚር ነደባ ላይ ምድጃ ሲተከል፣ ግድር ጋሩ በጣውላ ሲከፈል የቤቱ ቋንቋ ይጠፋል። በኋላም ስደቱ ወደ ሰሜን አሜሪካ፣ ወደ አውስትራሊያና ወደ ዓረብ አገሮች ቀጠለ። ዛሬ በቶሮንቶ ሐረሪ አፎቻ ያለው፣ በጀጎል ግን የአያቱ በር የተዘጋበት ሰው ማግኘት ብርቅ አይደለም።

ከዚህ ሌላ የውሃው ችግር አለ። ለከተማዋ ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ማለቂያ ላይ ደርቆ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ውሃው ከድሬዳዋ አካባቢ ረጅም መንገድ ተስቦ እንዲመጣ ሆነ። ሐይቁ ከዓመታት በኋላ ውሃ መያዝ ቢጀምርም ቢጫ ጄሪካን በጀጎል ጠባብ መንገድ ላይ እንደ ግድግዳው ሁሉ የተለመደ መልክ ሆኖ ቆይቷል። ስለ ግድግዳው ቀለም ብዙ የሚጽፍ ብዕር ስለ ጄሪካኗ ዝም ካለ የሚጽፈው ስለ ከተማ ሳይሆን ስለ ፖስት ካርድ ነው። ውሃ የሌለበት ጥንታዊ ቤት ልጆቹን ይዞ ማቆየት አይችልም። ልጆቹ ወደ ግንቡ ውጭ፣ ቧንቧ ወዳለበት አዲስ ቤት ሲወጡ ከድቶ መውጣት ተደርጎ ሊቆጠርባቸው አይገባም።

ደግሞም የነዋሪው ዓይን ሁልጊዜ ትክክል ነው ማለት አይደለም። በሐረር ከድንጋዩ ቤት ጎን ብሎኬት የሚደረድረው፣ የቀድሞውን ጣሪያ አፍርሶ ቆርቆሮ የሚመታው፣ የተቀረጸውን የእንጨት በር ሸጦ የብረት በር የሚገጥመው ነዋሪው ራሱ ነው። ምክንያት አለው፤ ብሎኬት ይረክሳል፣ ብረት ከሌባ ይጠብቃል፣ የጥንቱን ጥገና የሚያውቅ ግንበኛ እያነሰ ሄዷል። ቢሆንም ምክንያት መኖሩ ጥፋቱን አያስቀረውም። ስለዚህ የሚያስፈልገው ነዋሪውን ማሞካሸት ወይም መክሰስ አይደለም። የጥንቱ ቤት ለመኖር ከአዲሱ የማይከፋ እንዲሆን ማድረግ ነው፤ ይኸውም ውሃው፣ ፍሳሹ፣ መጸዳጃው፣ የጥገናው ሙያና ገንዘቡ አብረው ሲገኙ ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ጌይ ጋራቸውን የእንግዳ ማረፊያ አድርገው በዚያው ውስጥ እየኖሩ መጠገኛውን ማግኘታቸው አንድ መልካም መንገድ ነው፤ መልካም የሚሆነውም ባለቤቶቹ በውስጡ እስከኖሩ ድረስ ነው።

በቅርብ ዓመታት የኮሪደር ልማት ሥራ ሐረርንም ደርሷታል። የመንገድ መጠገንና የመብራት መተከል ማንም የሚጠላው ነገር አይደለም። በሥነ ጥበብ ሚዛን ሲመዘን ግን የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ ሥራው የተሠራው በመንገዱ ለሚያልፈው ነው ወይስ ከግድግዳው ኋላ ለሚኖረው? የጀጎል ግድግዳ ፊቱን ወደ ውስጥ ያዞረ ነው፤ የውጭው መልክ ብቻ ተውቦ የውስጡ ጣሪያ ቢያፈስ ሥራው የሕንጻውን ባሕርይ ተቃርኗል ማለት ነው።

የአደባባይ ሐውልት ዕድሜ አስተማማኝ አለመሆኑን ሐረር በራሷ አይታለች። ለዘመናት ከግንቡ ውጭ በፈረስ ላይ ተቀምጦ የነበረው የራስ መኮንን ሐውልት በ2012 ዓ.ም. ሰኔ ማለቂያ ላይ በተነሣው ሁከት ተገርስሷል። ነሐሱን ያቆመው አንድ ወገን ነበር፤ የጣለውም ሌላ ወገን። በአንጻሩ የረመዳን ፍጻሜን ተከትሎ የሚመጣውን የስድስት ቀን ጾም የሚዘጋው፣ ወጣት ወንዶችና ሴቶች ተያይተው የሚተጫጩበት የሹዋል ዒድ በዓል በድንጋይ ላይ ሳይቆም ከትውልድ ትውልድ ተላልፏል። በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት ሲመዘግበው አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ ሕዝቡ በየዓመቱ ሲያደርገው የኖረውን አረጋገጠ እንጂ። የበዓሉ ጠባቂዎች በየዓመቱ የሚመጡት ወጣቶች ናቸው፤ እነርሱ የቀሩ ዕለት የምዝገባው ወረቀት በዓሉን ሊያስከብረው አይችልም።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ለሐረር ብቻ የሚሆን አይደለም። ስለ ጥንታዊ ከተሞች የሚጽፉ ደራስያን፣ የሚሥሉ ሠዓልያን፣ ፊልም የሚያነሡ ባለሙያዎች የእንግዳውን ሚና ተበድረው በገዛ አገራቸው ቱሪስት ሆነው መታየት ከጀመሩ ቆይተዋል። ግንቡን ከነጀምበሯ ይሥላሉ፤ ጅቡን ከነሥጋው ያነሣሉ፤ ስፌቱን ከነቀለሙ ያሳያሉ። ልብስ ሰፊው ስንት እንደሚያገኝ፣ አፎቻው ሐዘንተኛዋን እንዴት እንደሚያጽናና፣ ሱትሪ ነደባ ላይ የተኙት ሽማግሌ ስለ ውጭ አገር ልጆቻቸው ምን እንደሚያስቡ ግን እምብዛም አይጽፉም። ቅርስን በቁንጅናው ብቻ የሚያቀርብ ሥነ ጽሑፍ ሳያስበው ለማፍረስ ይተባበራል፤ ምክንያቱም አንባቢው ቤቱን ሲያደንቅ በቤቱ ያለውን ሰው እንዲረሳ ያለማምደዋልና።

የሐረር ሰው ከተማውን በቋንቋው «ጌይ» ብሎ ይጠራታል፤ ትርጉሙም ከተማ ማለት ነው። ሌላ ከተማ እንደሌለ አድርጎ ሳይሆን የራሱ ስለሆነች ነው። ስለ ጀጎል የሚጻፍ ቀጣይ ድርሰት፣ ተውኔትም ይሁን ግጥም፣ ከዚህ ስም ቢጀምር ይጠቀማል። ከበሩ ገብቶ ጫማውን ያውልቅ፤ በሚሰጠው ነደባ ላይ ይቀመጥ፤ ከዚያ በኋላ ብዕሩን ያንሣ።